ሽንኩርቴ ውሃ አለ፣ ፓምፑ ናፍጣ አለ

አይ ጋሼ! አይ ጋሽ ማንደፍሮ፣ እንደሱ አይበሉኝ! «አንድ ቀን ብትታገስ ምን ነበረበት» ይሉኛል እንዴ? ሽንኩርት እኮ ነው ጋሼ፣ ግመል አይደለም! ራሱን ሊቋጥር የደረሰ ሽንኩርት፣ በዚህ በቆላ ፀሐይ፣ «አንድ ቀን ታገስ» ቢሉት የሚሰማ ይመስልዎታል? እርስዎማ ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ነዎት፣ ጃኬትዎን ደርበው ነው «ታገስ» የሚሉኝ። እኔ እዚህ መሬቱ ጫማዬን እያቃጠለው ነው የማወራዎት። ስለዚህ ይስሙኝ። መሀል ላይ ሌላ የድምፅ መልእክት እንዳይልኩብኝ፣ እስኪያልቅ ይስሙኝ። ነገሩ ለራሴም አልገባኝም፣ ሳወራው ይገባኝ ይሆናል።

ሲጀመር የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ። ሌላ ምንም! አባዬ የሰጠኝን ማሳ ያውቋታል፣ ከወንዙ በላይ ያለችውን። «ምንተስኖት፣ ይቺን ወቅት ሞክራት። ካበላሸሃት ለእኩል አራሽ ነው የምሰጣት፣ አንተም ከተማ ገብተህ የሰው ባጃጅ ትነዳለህ» ብሎኛል። በሰው ፊት ነው ያለኝ። ትናንት ጠዋት ሄጄ ሳይ ሽንኩርቱ ተኝቷል። ቅጠሉ እንደ በሽተኛ እጅ ዝርግት ብሏል። ወንዙ ደግሞ ከታች ይታየኛል፣ ይፈሳል፣ ይስቅብኛል።

ፓምፑ ጋ ሮጥኩ። እጀታውን ባሽከረክረው፣ ባሽከረክረው፣ እህህህ ይልና ዝም። እንደገና እህህህ፣ ዝም። ሆዱን ከፍቼ ባይ ባዶ ነው፣ ጠብታ የለችበትም። «ናፍጣ ሳልቀምስ አልነሳም» አለኝ። ፓምፕ አፍ የለውም አይበሉኝ፣ ብሎኛል! ማደያ እንዳልሄድ በጀሪካን አይቀዱልኝም። ደግሞስ ምን ያስኬደኛል? የራሳችን የጉሎ ናፍጣ እያለ? አጥር ለአጥር ከበቀለ ጉሎ ናፍጣ ይወጣል ሲባል አገሩ በሙሉ ሲስቅ «ይወጣል!» ብዬ የተከራከርኩት እኔ አይደለሁም? ጭሱ ዓይን አያቃጥል፣ ቦዩ ላይ ያ ጥቁር ቅባት አይንሳፈፍ፣ አባዬ እንኳን ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አይስልም። ከናፍጣው ጋር ጠብ የለኝም፣ ይሄ ይያዝልኝ!

ጠቡ ሌላ ነው። ፓምፑ ናፍጣ ሳይቀምስ ውሃ አይሰጥ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ቀና አይል።

እሺ ብዬ ተናኘ ጋ ሄድኩ፤ እርስዎ የሚመሩት ማህበር ናፍጣ ሠሪ እሷ አይደለች? በርሜሏን እያጠበች አገኘኋት። በጨርቅ ነው የምታጥበው፣ በደረቁ።

«ተናኝዬ፣ በሞቴ፣ አንድ ጀሪካን ናፍጣ» አልኳት።

«የለም።»

የለም ትለኛለች፣ ጀሪካኑ እግሯ ስር ነው! ቢጫው! እስከ አንገቱ ሙሉ! ጥርት ያለ፣ ማር የመሰለ!

«ይሄስ ምንድነው? ጠበል ነው?»

«እሱ መጠባበቂያ ነው። ዘይት ሳልቀበል እንዳልሰጥ ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ጋሽ ማንደፍሮ ናቸዋ። ስፒሪቱ አለኝ፣ ኮስቲክ ሶዳው አለኝ፣ የጎደለኝ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱን አምጣና ሌላ እሠራለሁ፣ ይሄን ትወስዳለህ። ደግሞ እዚህ አትወራጭ፣ የሚያቃጥል ኮስቲክ ነው፣ ዓይንህ ውስጥ ይገባና ቀሪ ዕድሜህን በመሪ ትሄዳለህ።»

ምን ልበላት? ተናኘ ዘይት ሳትቀበል ናፍጣ አትሰጥ፣ ፓምፑ ናፍጣ ሳይቀምስ ውሃ አይሰጥ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ቀና አይል።

ወደ ዘይት ጨማቂው ወደ ጋሽ አደፍርስ ሄድኩ። መጭመቂያው ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው፣ ልክ በቅሎ ይዞ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል። መጭመቂያው አይዞርም። እሳቸውም አይዞሩም።

«ጋሽ አደፍርስ፣ እንደምን አደሩ፣ ዘይት ይስጡኝ።»

«እግዜር ይመስገን፣ አልሰጥህም።»

«የለም እንዴ?»

«እንዴት ይጠፋል? ያውልህ» ብለው ጨርቁን ገለጥ አደረጉልኝ። ዘይት! ወፍራም፣ ወርቅ የመሰለ የጉሎ ዘይት! መልሰው ሸፈኑት። «መጠባበቂያ ነው። ፍሬ ሳልቀበል አላወጣውም።»

«ለምን?»

«የእድራችን ሳጥን ስንት ቁልፍ አለው?»

«ሶስት።»

«ሶስቱን አንድ ሰው ነው የሚይዘው?»

«ኧረ ሶስት ሰው ነው።»

«በቃ። ማንደፍሮ የእድር ዳኛ ሆኖ ነው ያረጀው። እዚህም እንደ እድሩ አደረገው። ናፍጣውም ዘይቱም ፍሬውም ባንድ ሰው እጅ ከሆነ፣ ያ ሰው ጀሪካኑን ጭኖ ገበያ ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ይይዛል፣ ሳይቀበል አይሰጥም።»

«እና አሁን ማን ሊሰርቅ ነው ጋሽ አደፍርስ?»

«አንተ ነሃ» አሉኝ፣ እየሳቁ። «ዓይንህን አላየኸውም።»

ሳቁብኝ ጋሼ! የኔ ማሳ እየሞተ እሳቸው ይስቃሉ! እና ደግሞ የሚሉት ነገር ልክ ነው። ያ ነው የሚያናድደኝ፣ ልክ ነው! ጋሽ አደፍርስ ፍሬ ሳይቀበሉ ዘይት አይሰጡ፣ ተናኘ ዘይት ሳትቀበል ናፍጣ አትሰጥ፣ ፓምፑ ናፍጣ ሳይቀምስ ውሃ አይሰጥ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ቀና አይል።

እንግዲህ ፍሬው እትዬ ሸዋረገድ ቤት ነው። ሄድኩ። ገና ከበሩ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ውይ ልጄን! ፊትህ ምን ሆነ? ማነው የመታህ? ና ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ» ብለው በጣሳ ውሃ ሰጡኝ።

ያቺን ጣሳ ይዤ ወደ ማሳው ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ጠጣኋት። አፈርኩ፣ ግን ጠጣኋት።

«እትዬ፣ የተፈለፈለ ጉሎ አለዎት?»

«ሞልቶ! ያው ጆንያው፣ ጥግ ላይ።»

«ተመስገን! ልሸከመው?»

«ሳሙና ይዘህ መጥተሃል?»

«ምን?»

«ሳሙና።»

«እትዬ፣ እኔ ሽንኩርት ላጠጣ ነው እንጂ ልብስ ላጥብ አይደለም!»

«አትቆጣ፣ ስማኝ። ጉሎ መርዝ ነው። ይቺ ጆንያ ከወጣች ሴቶቹ በምትኳ ሌላ ሊፈለፍሉ ይቀመጣሉ። በዚያ እጃቸው ሄደው ሊጥ ይንኩ? ጡት ያጥቡ? የዘነቡን ሕፃን ረሳኸው? እናቱ ሳትታጠብ ይዛው፣ ሲያስመልሰው ውሎ ሲያስመልሰው ያደረውን? ከዚያ ወዲህ ማንደፍሮ ራሱ መጥቶ ‘ሳሙና ሳትቀበዪ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጪ’ ብሎኛል። ደግ አደረገ።»

አልረሳሁትማ! ክሊኒክ ይዤው የሮጥኩት እኔ አይደለሁም? እና ምን ብዬ ልቆጣ? ወደ ግድግዳው ዞሬ ግድግዳውን ተቆጣሁት። እትዬ ሸዋረገድ ሳሙና ሳይቀበሉ ፍሬ አይሰጡ፣ ጋሽ አደፍርስ ፍሬ ሳይቀበሉ ዘይት አይሰጡ፣ ተናኘ ዘይት ሳትቀበል ናፍጣ አትሰጥ፣ ፓምፑ ሳሙና ሳይቀምስ… ኧረ ምን ሳሙና! ናፍጣ! ፓምፑ ናፍጣ ሳይቀምስ ውሃ አይሰጥ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ሳይጠጣ ቀና አይል። አዎ። እንደሱ ነው። አዩ? እርስዎም ግራ ሳይገባዎት አልቀረም፣ እኔ በእግሬ ነው የዞርኩት!

ቆይ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። እሺ።

ሳሙናው አያ እንድሪስ ጋ ነው። ናፍጣው ሲጠራ ከሥር የሚቀረውን ዝልግልግ ወስዶ እሱ አይደል ሳሙና የሚያደርገው? ስደርስ ሳሙናውን እንደ ጡብ ደርድሮ፣ ጡቡ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። በቃ አለቀ አልኩ በሆዴ። አያ እንድሪስ ሰው ነው፣ ለማንም እምቢ አይልም።

«አያ እንድሪስ፣ ሳሙና ስጠኝ።»

«ወላሂ ብሰጥህ ደስ ይለኛል።»

«ታዲያ ስጠኛ!»

«ታዲያ ውሃ አምጣልኝ።»

«ምን አምጣልኝ?»

«ውሃ። ሳሙና ያለ ውሃ ይሠራል እንዴ? በርሜሌ ውስጥ ያለው ዝልግልጉ ብቻ ነው፣ ና እየው። የተደረደረው መጠባበቂያ ነው፣ ውሃ ሳልቀበል አልነካውም።»

«ውሃ ከየት ነው የማመጣው?»

«ከፓምፑ ነዋ! ከየት ታመጣለህ?»

ጋሼ፣ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፣ እንደ ሕፃን። አያ እንድሪስ ውሃ ሳይቀበል ሳሙና አይሰጥ፣ እትዬ ሸዋረገድ ሳሙና ሳይቀበሉ ፍሬ አይሰጡ፣ ጋሽ አደፍርስ ፍሬ ሳይቀበሉ ዘይት አይሰጡ፣ ተናኘ ዘይት ሳትቀበል ናፍጣ አትሰጥ፣ ፓምፑ ናፍጣ ሳይቀምስ ውሃ አይሰጥ፣ ውሃ ካልሰጠ ደግሞ አያ እንድሪስ ሳሙና አይሰጥ፣ ሳሙና ካልሰጠ እትዬ ሸዋረገድ… መልሼ እዚያው! እንደ ወፍጮ በቅሎ እዚያው! ሽንኩርቱን ራሱ ረሳሁት፣ የት ጋ እንደሚገባ ጠፋኝ። ሽንኩርቱ ዳር ቆሞ እየሞተ ነው፣ እኛ ክብ ሠርተን እንዞራለን!

እና ደግሞ ይሄን ያስቡልኝ። ናፍጣው አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዘይቱ አለ፣ ተገልጦልኝ አይቼዋለሁ። ፍሬው አለ። ሳሙናው አለ፣ አያ እንድሪስ ተደግፎታል። ሁሉም አለ፣ ምንም የለም! እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ያውቃሉ? ድሃ ብንሆን ይገባኛል። ሌባ ቢኖር እሱን እደበድበው ነበር። ማንን ልምታ? ተናኘ ልክ ናት። ጋሽ አደፍርስ ልክ ናቸው። እትዬ ሸዋረገድማ ከሁሉም ልክ ናቸው። ሰው ሁሉ ልክ ሆኖ ሽንኩርት እንዴት ይሞታል?

«አባትህ ማሳው ላይ ቆሟል መሰለኝ» አለኝ አያ እንድሪስ፣ በእጁ ግንባሩን ከልሎ እያየ።

ቀና ብዬ አየሁ። አባዬ ነው። ዳር ላይ ቆሟል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። እንደዚያ የሚቆመው ነገሩ ሲያበቃለት ነው፣ ያውቁታል። ከጎኑ ደግሞ አንድ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ ከሩቅ አልለየሁትም፣ ግን ሰው ማሳ ሲያይ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። በእርምጃው እየለካት ነበር!

የአያ እንድሪስን ባዶ ጀሪካን ነጥቄ ወንዝ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አልነግርዎትም፣ ግማሹን በእግሬ ነው፣ ግማሹን በመቀመጫዬ። ሞላሁት፣ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት፣ ያንን አቀበት ወጣሁ። ምላሴ ወጥቷል። አያ እንድሪስ ፊት ዱብ አደረግሁት።

«ውሃ!» አልኩት።

አየው። ጀሪካኑን ዞረው። «ከፓምፑ ነው?»

«ከወንዙ ነው!»

«እ።»

«ምን ‘እ’? ፓምፑስ ከየት ነው የሚያወጣው? ከሰማይ ነው?»

«እሱማ ከወንዙ ነው፣ እውነትህን ነው። ግን ጋሽ ማንደፍሮ ‘ከፓምፑ የመጣ ውሃ ስትቀበል’ ነው ያሉኝ። ይሄ ከትከሻህ ነው የመጣው። ይሄን ብቀበል ደንብ አፍርሻለሁ? አላፈረስኩም? እኔም ግራ ገባኝ እኮ ምንተስኖት፣ አትቆጣኝ።»

አትቆጣኝ አለኝ! ጋሼ፣ ብልሃት አስቤ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ምንም አላሰብኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ ፓምፑ እህህህ ይላል እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ጀሪካኑን አነሳሁና ወረወርኩት። ወዴት እንደወረወርኩት እንኳ አላየሁም። የበርሜሉን አፍ መታ፣ ተገለበጠ፣ ውሃው ዥዥዥ ብሎ በርሜሉ ውስጥ ገባ። ትንሽም አያ እንድሪስ ላይ ፈሰሰ። እሺ፣ ትንሽ አይደለም።

አያ እንድሪስ ጢሙን ጨመቀ። ተነስቶ በርሜሉን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምንተስኖት።»

«እ።»

«አሁን ተቀብያለሁ ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«አልተቀበልኩም እንዳልል በርሜሌ ውስጥ ነው ያለው። ተቀብያለሁ እንዳልል አልፈቀድኩም።» በርሜሉን በእንጨት አማሰለው። «መልሼ ላውጣው ብል ከዝልግልጉ ጋር ተቀላቅሏል። በቃ፣ ተቀብያለሁ። ሳሙናውን ውሰድ፣ ሳይቆጨኝ ቶሎ ውሰድ!»

ውይ ጋሼ፣ እንደ ተበጠሰ ጠፍር ነው የሆነው! አያ እንድሪስ ውሃ ተቀበለ፣ ሳሙና ሰጠ። ሳሙናውን ታቅፌ ሮጥኩ፣ እትዬ ሸዋረገድ ሳሙና ተቀበሉ፣ አሸተቱት፣ ፍሬ ሰጡ። ጆንያውን ተሸክሜ ሮጥኩ፣ ጋሽ አደፍርስ ፍሬ ተቀበሉ፣ ዘይት ሰጡ፣ አሁንም እየሳቁ ነው። ዘይቱን ይዤ ሮጥኩ፣ ተናኘ ዘይት ተቀበለች፣ ናፍጣ ሰጠች፤ ኧረ መስጠት ብቻ አይደለም፣ «አንተ ትደፋዋለህ» ብላ ራሷ ተሸክማ አብራኝ ሮጠች። ፓምፑ ናፍጣ ቀመሰ። እህህህ አለ። ዝም አለ። እንደገና እህህህ፣ ከዚያ ዱክ! ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ! የጉሎ ናፍጣው እንደ መጥበሻ ያለ ሽታ ወጣ። ቦዩ ውስጥ መጀመሪያ ንፋስ መጣ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ!

ውሃው ማሳው አፍ ላይ ሲደርስ አባዬ እዚያው ነበር። ከጎኑ ያለው ሰው ውሃውን አየ፣ አባዬን አየ፣ ከዚያ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ። አባዬ ዶማዬን ከመሬት አነሳና፣ የመጀመሪያውን መስመር ራሱ ከፈተልኝ። አባዬ ለማን ቦይ ከፍቶ ያውቃል? ጫማውን አውልቆ እስኪመሽ አብሮኝ አጠጣ። የዳር ዳሩ ሞቷል፣ እሱን ማንም አይመልስልኝም። የመሀሉ ግን ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሳየው ቀና ብሏል። ሽንኩርቱ ውሃ ጠጣ፣ ቀና አለ። በቃ።

በቃ ብዬ ዝም ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ የእርስዎ ድምፅ መጣ። «ለምን ደንብ ጣስክ፣ አንድ ቀን ብትታገስ ምን ነበረበት።» ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬ ያልገባኝን ነገር እርስዎ እንደገና ቀሰቀሱብኝ። ጋሼ፣ የእድሩ ሳጥን ሶስት ቁልፍ አለው፣ እሺ። ግን ሶስቱም ባለ ቁልፎች ባንድ ቀን፣ ባንድ ቦታ፣ ሳጥኑ ፊት ተሰብስበው አይደል የሚከፍቱት? «አንተ ካልከፈትክ አልከፍትም» ብለው በየቤታቸው ቁጭ ይላሉ? እንደዚያ ቢሆን ሬሳችን እስካሁን አይቀበርም ነበር! እርስዎ ግን በየበሩ ዞሩ። ተናኘን «ሳትቀበዪ እንዳትሰጪ» አሏት። ጋሽ አደፍርስን «ሳትቀበል እንዳትሰጥ» አሏቸው። እትዬ ሸዋረገድን «ሳትቀበዪ እንዳትሰጪ» አሏቸው። አያ እንድሪስን «ሳትቀበል እንዳትሰጥ» አሉት። ከዚያ ሻንጣዎን አንጠልጥለው ሥልጠና ሄዱ! ይንገሩኝ እንጂ ጋሽ ማንደፍሮ፣ ሁላችንንም ሳንቀበል እንዳንሰጥ ካዘዙን፣ መጀመሪያ እንዲሰጥ ያሰቡት ማንን ነው?